ቆመው የዋሹን መስመሮች

ነቀምት የደረሰኝ በዕጣ ነው። በደርግ ዘመን ትምህርቱን የጨረሰ አስተማሪ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ዕጣ ነበር፤ የኔ ብጣሽ ወረቀት «ወለጋ» አለች፤ ከደሴ ተነስቼ መጣሁ። የማስተምረው ፊዚክስ ነው። የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ያለው ንብረት ሦስት ማግኔትና አንድ የተሰነጠቀ ፕሪዝም ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለአሥራ አንደኛ ክፍል የማስተምረው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልኩ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴ ከሥዕሉ ውጭ አይቼው አላውቅም።

ቤት ያከራየችኝ ሴት ነርስ ነበረች። ከተማው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ እኔም እንደዚያው እላታለሁ። ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሥራ ላይ ሆና መዝሙር የምታንጎራጉር ሴት ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ስትቸኩል ግን ግማሹ ወደ ኦሮምኛ ይዞርባታል። ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሠፈር ካለው ግቢያችን ወርዳ አንዲት ትንሽ የሳንባ በሽታ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ሳለ በሬን ሳታንኳኳ ገባች።

«ባርሲስቱ» አለችኝ፤ አስተማሪዋ ማለቷ ነው። «አንቺ ኤሌክትሪክ ታስተምሪያለሽ አይደል?»

«አስተምራለሁ።»

«እንግዲያው ተነሺ። ጉድ ሆኛለሁ።»

መንገድ ላይ እየሮጥን ነገረችኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ከቤቱ ያመጣው ትንሽ ኮምፒውተር ነበረው። ውሉ አልቆ ሲሄድ ትቶላት ሄደ። ከመሄዱ በፊት የታካሚዎቹን ዝርዝር እንዴት እንደምትጽፍበት አስተምሯታል፤ የሰውየው ስም፣ ቀበሌው፣ መድኃኒቱን ከጀመረ ስንት ወር እንደሆነው፣ የቱን ክኒን እንደሚውጥ። ሁሉም ያለው አንዲት እንደ ፖስታ ስስ በሆነች ዲስኬት ላይ ነው። የወረቀት ካርዶቹ በሣጥን ሆነው ግምጃ ቤት ተቀምጠው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ሣጥኑን ብትከፍተው ምስጥ ከታች ገብቶ አንጀቱን ጨርሶታል። የተረፈው ክዳኑ ብቻ ነው።

«ችግር የለም፣ ኮምፒውተሩ አለ ብዬ ነበር» አለች። «ከትናንት ጀምሮ ደግሞ እሱም አላነብም አለኝ። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ ገብቷል። ሰኞ መኪናው በየከተማው ሊያድል ይወጣል። ማን ስንተኛ ወሩ ላይ እንዳለ ሳላውቅ ለማን ምን እሰጣለሁ? ይሄ መድኃኒት ሲቋረጥ በሽታው ይለምደዋል እኮ!»

ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። እንደ ታይፕ መኪና ፊደል የተደረደረበት ሣጥን፣ አጠገቡ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ከጎኑ ደግሞ በሽቦ የተያያዘ፣ አፉ እንደ ደብዳቤ ሣጥን የሆነ ሌላ ቆርቆሮ ሣጥን። ሲስተር ዲስኬቷን በሁለት እጇ ይዛ በዚያ አፍ አስገባችና መዝጊያውን መለሰች። ከውስጥ አንድ ነገር አቃሰተ። ቀይ መብራት በራ፤ ቆየ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ መጣ፤ ማንበብ አልተቻለም ይላል።

ፍርሃት ሊሰማኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ሌላ ነው፤ ልቤ እንደ ሠርግ ከበሮ ይመታ ጀመር። ሁለት ዓመት በጠመኔ ስሥለው የኖርኩት ነገር ሁሉ እዚያ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

«እንክፈተው?» አልኩ።

«ትችያለሽ?»

«አላውቅም።»

ትንሽ አየችኝ። «እውነቱን ስለተናገርሽ ክፈቺው» አለች።

ለመክፈት ግን ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ እንደዚያ ዓይነት ቀጫጭን ካቻቢቴ ያለው የማውቀው ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ ገበያው ዳር ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሽማግሌ። የኔንም ሬዲዮ ሁለት ጊዜ አድኖልኛል። ሮጬ ሄጄ አመጣሁት። ቦርሳውን አስቀመጠና «አከም፣ ነጉማ?» ብሎ ሰላምታውን በወጉ ጨረሰ፤ ከዚያ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ አስጠግቶ ሲስተር ዲስኬቱን እንድታስገባ በእጁ ምልክት ሰጣት። አቃሰተ።

«ቴፕ ነው» አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ ቴፕ አይደለም፤ የኮምፒውተር ነው» አልኩት።

«ሞተር አለው?»

«አለው።»

«የሚዞር ነገር አለው? የሚያነብ ሄድ አለው?»

«አለው።»

«ቴፕ ነው» አለና ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ።

ክዳኑ ሲነሳ ሦስታችንም ራሳችንን አጋጨን፤ ሁላችንም አንድ ላይ አጎንብሰን ኖሯል። ሽማግሌው እውነቱን ነበር። ከታች በኩል የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ሽክርክሪት አለ፤ ከትንሽ ሞተር ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ጥቁር ቺንጋ አለ። ከላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል ሄድ በሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ትሄዳለች። ሄዷ ላይ ቡናማ እድፍ ተጋግሯል። ክሊኒክ ውስጥ አልኮልና ጥጥ አይታጣም፤ ሲስተር ጥጥ በእንጨት ላይ ጠቅልላ ሰጠችው፤ እሱም የሕፃን ጆሮ እንደሚያጸዳ ሰው ቀስ ብሎ ጠረገው። ጥጡ ጠቆረ። ሞከርነው። አቃሰተ፤ ያው መልስ።

ከዚያ ቺንጋውን በጥፍሩ ሳብ አደረገው። እንደ አሮጌ ካልሲ ላስቲክ ላልቷል።

«ኩኖ!» አለ፤ ይኸውልሽ ማለቱ ነው። «ሞተሩ ይዞራል፤ ቺንጋው ግን ያንሸራትታል። አሞኛል እያለ የሚያቃስተው እሱ ነው።»

የድሮ ዘዴ አለ አለን፤ ቺንጋውን የፈላ ውኃ ውስጥ ነከረው፤ ላስቲኩ ሲሞቅ ትንሽ ይሰበሰባል። አውጥቶ አድርቆ መለሰው። ሲስተር ዲስኬቷን አስገባች። በዚህ ጊዜ ማቃሰቱ ቀርቶ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ፤ ቴሌቪዥኑ ላይም የዝርዝሩ ርዕሶች ተራ በተራ ተደረደሩ! ነቀምት፣ ሲሬ፣ ሌሎቹም ከተሞች። ሲስተር ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ጥበቃው ዱላውን ይዞ ሮጦ መጣ። ግን ነቀምት የሚለውን ለመክፈት ስንሞክር ሄዷ ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ አለችና ያው ክፉ መስመር ተመለሰ። እንደገና ብንሞክር ርዕሱም አልመጣ አለ። ቺንጋው ቀዝቅዞ ላልቷል።

ያም ሆኖ ያን ዕለት ስንለያይ ሁላችንም እንስቅ ነበር። ስሞቹ እዚያው አሉ! አልጠፉም!

ሐሙስና ዓርብ ከትምህርት ቤት በኋላ ቺንጋ ፍለጋ ዞርኩ። ገበያው መሐል የቴፕና የካሴት ዕቃ የሚሸጥ ጉራጌ ነጋዴ ነበር፤ መደርደሪያውን ሁሉ አወረደልኝ። ያሉት ክብ ክር መሳይ የካሴት ቺንጋዎች ናቸው፤ ጠፍጣፋ የለውም። ናሙናውን ብርሃን ላይ ይዞ ካገላበጠ በኋላ፣ «ስሚኝ እህቴ» አለኝ። «እንዲህ ያለው የሚገኘው በድሮዎቹ ባለ ትልልቅ ጥቅል ቴፖች ውስጥ ነው። ሲሬ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው ባለ ሻይ ቤት አንድ የሞተ አላት። ልግዛው ብላት ሦስት ጊዜ እምቢ ብላኛለች። አንቺ ሞክሪ።»

ቅዳሜ ማለዳ ሲሬ ለመሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቺንጋው ልክ መሆኑን እዚያው ለማየት ብዬ የዲስኬት ማንበቢያውን ሣጥን እንዳለ በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ፈታሾቹ ሁላችንንም አወረዱን። አንዱ ነጠላዬን ገለጥ አደረገና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኮምፒውተር ማንበቢያ ነው፣ ጓድ።»

«መገናኛ ሬዲዮ ነው አትይም?»

በዚያ ዘመን «መገናኛ ሬዲዮ» የሚለው ቃል ሰው ያስበላል። ገልብጬ ሽክርክሪቱን አሳየሁት። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ሞተሩ ይህን ያዞራል፣ ይህ ዲስኬቱን ያዞራል፣ ይህቺ ሄድ ደግሞ ታነባለች እያልኩ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ አስተማርኩት። ስለ በሽተኞቹ ነገርኩት። ስለ ምስጡ ነገርኩት። ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ እኔ ገና ስለ ሄዷ እያስረዳሁ ነበር። ፈታሹ ሽክርክሪቱን በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ዞረ። ደግሞ ገፋው።

«ወፍጮ ነው በይኛ» አለ በመጨረሻ፤ ፈገግ ብሎ። «ሂጂ።»

የሲሬዋ ባለ ሻይ ቤት ወፍራም፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ቴፑ መደርደሪያው አናት ላይ የዳንቴል ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። የሟች ባሏ ነው። ቺንጋውን ብቻ እንደምፈልግ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«ለጉራጌውም እምቢ ብየዋለሁ። አይፈታም።»

«አደ» አልኳት፣ እመቤቴ እንደማለት ነው፤ «እኔ ልሸጠው አይደለም። የበሽተኞች ስም የተጻፈበት ማሽን ቆሞብን ነው።»

«የምን በሽተኞች?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የሳንባ» አልኳት። ቤቱ ውስጥ ሰዎች ነበሩ፤ ያን ጊዜ የዚያ በሽታ ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም።

ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች። እጇን ጠረገች። ወንበር ላይ ወጥታ ቴፑን ከነዳንቴሉ አወረደችና ፊቴ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ውጬዋለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሲስተር ናት ያዳነችኝ። ፍቺው። የምትፈልጊውን ሁሉ ውሰጂ።»

ከሽማግሌው በተዋስኩት ካቻቢቴ ፈታሁት። እውስጡ፣ ከአቧራ ስር፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ምንም ያልሆነ ቺንጋ አለ! ሽክርክሪቱ ላይ አጠለቅኩት፤ ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽም ወፈር ይላል፤ ግን ያዘ። ሴትዮዋን አቅፌ ሳምኳት። እሷም አቅፋኝ ሳቀች፤ ጠጪዎቹ ምን እንደሆንን ሳይገባቸው አጨበጨቡ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችን ክሊኒኩ ተሰበሰብን። ጀነሬተሩን የሚያስነሳው ሰውዬ ስለ ሲስተር ብሎ በዕረፍት ቀኑ መጣ፤ ክሊኒኩ መብራት የሚያገኘው ከዚያ የናፍጣ ሞተር ብቻ ነበር። ሐኪሙ የተወው የእንግሊዝኛ መመሪያ መጽሐፍ ነበር፤ ሌሊቱን አንብቤዋለሁ። ቺንጋ ሲቀየር የሽክርክሪቱ ፍጥነት ስለሚለወጥ መስተካከል አለበት ይላል። ዲስኬቱ በደቂቃ ሦስት መቶ ጊዜ መዞር አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ወይም ከበለጠ ሄዷ ማንበብ ያቅታታል። ማስተካከያው ደግሞ ቆንጆ ነገር ነው። ሽክርክሪቱ ጀርባ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ጥቋቁር መስመሮች ታትመዋል። ረጅሙ ነጭ የፍሎረሰንት አምፖል ለዓይናችን ዝም ብሎ የበራ ይምሰል እንጂ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል። በዚያ ብርሃን ስር መስመሮቹ እየዞሩ ሳሉ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ ነው።

ማሽኑን አምፖሉ ስር ገልብጠን አስነሳነው። መስመሮቹ ወደፊት እየሮጡ ይዞራሉ። ሽማግሌው ትንሿን ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴው ጫፍ ነካ አደረጋት።

«ሱታ፣ ሱታ» ይላል ለራሱ፤ ቀስ፣ ቀስ።

መስመሮቹ ቀዘቀዙ። ተንቀጠቀጡ። ቆሙ! እየዞረ ያለ ነገር ዓይናችን ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። በጠመኔ ስሥለው የኖርኩት ሞገድ ይኸው ነው፤ አየሁት። እንባዬ መጣ።

ሲስተር ዲስኬቷን አስገባች።

ማንበብ አልተቻለም።

እንደገና አስተካከልን፤ መስመሮቹ ድርቅ ብለው ቆሙ፤ አሁንም አልተቻለም። ሦስተኛ ጊዜ። እንዲያውም ከረቡዑ ባሰ፤ ርዕሱ እንኳ አይመጣም። ሽማግሌው ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «እንግዲህ ዲስኬቱ ራሱ ነው የሞተው» አለ። ሲስተር ተነሥታ ግድግዳው ላይ ያለውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰዓት ወደፊት ታዞር ጀመር።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ይሄ ደግሞ ሌባ ነው» አለች። «ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ በሰዓት ሦስት ደቂቃ ይሰርቀኛል። ሐኪሙ ከአገሩ ያመጣው ነው፤ እዚያ እያለ ግን አንዲት ደቂቃ ስቶ አያውቅም አሉ።»

ሰዓቱን አየሁ፤ ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ። ከዚያ ወንበሬን ገልብጬ ተነሣሁ።

«ሰዓቱ አይደለም! ሲስተር፣ ሰዓቱ አይደለም! መብራቱ ነው!»

ሁለቱም አበድኩ ብለው አዩኝ። እንዲህ ያለ ሰዓት የሚቆጥረው የኤሌክትሪኩን ርግብግብታ ነው። ጀነሬተራችን አርጅቶ በዝግታ ስለሚሄድ ርግብግብታውም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ወደኋላ ይቀራል። አምፖሉም እንደዚያው በዝግታ ይርገበገባል። በዝግተኛ ብርሃን ስር መስመሮቹ የቆሙ የሚመስሉት ደግሞ ሽክርክሪቱ ራሱ ሲዘገይ ነው። አስተካከልን ብለን ይበልጥ እያበላሸነው ነበር!

«እንግዲያው ሞተሩን ይጨምርልን!» አለች ሲስተር። ባለ ጀነሬተሩ ከደጅ ሆኖ፣ ባለፈው ትንሽ ቢጨምርበት ጢስ ተፍቶ ሁለት ቀን እንደተኛበት ነገረን። ስለዚህ ሞተሩን ትተን ሒሳቡን ያዝን። የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየሁት፤ የእጄ ሃያ ደቂቃ ሲቆጥር የግድግዳው አሥራ ዘጠኝ ቆጠረ። ከሃያ አንድ እጅ ይዘገያል። እንግዲያው መስመሮቹ ሲቆሙ ዲስኬቱ የሚዞረው ሦስት መቶ ሳይሆን ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ነው፤ አሥራ አምስት ይቀረዋል ማለት ነው። በደቂቃ አሥራ አምስት ዙር፣ በአራት ሰከንድ አንድ ዙር።

«ጋሼ» አልኩት። «መስመሮቹ እንዲቆሙ አንፈልግም። ወደፊት እንዲሄዱ ነው የምንፈልገው። አንዱን መስመር በዓይንህ ተከተለው፤ በአራት ሰከንድ አንድ ዙር ይጨርስ።»

ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። ሲነግሩት ያልገባውን ነገር ዓይኑ ቶሎ ይይዘዋል። ካቻቢቴውን አነሣ። እኔ የእጅ ሰዓቴን እያየሁ በኦሮምኛ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፤ ሲስተርም ተቀበለችኝ፤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር! ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር!» መስመሮቹ ተነሡ፤ ወደፊት መሄድ ጀመሩ፤ ፈጠኑ፤ «ሱታ!» አልነው ሁለታችንም፤ መለስ አደረገው፤ እነሱም እርምጃቸውን ከቁጥራችን ጋር አገናኙ።

ማሽኑን አቃንተን ዲስኬቷን አስገባን። ክርርር፣ ጥቅ፣ ጥቅ። ርዕሶቹ መጡ። ሲስተር ነቀምት የሚለውን ከፈተች። ቴሌቪዥኑ ከላይ እስከ ታች በስም ሞላ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ገጽ። እሷ ወደ ማያው ተጠግታ ስሞቹን ተራ በተራ ትጠራለች፤ «ይሄኛው ከባድ ጉንፋን ነው ብሎ የተሟገተኝ ነው! ይቺ መንታ የወለደችው!» እኔ እዘላለሁ። ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ፤ ከዚያ እሱም ዘለለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጨዋ ደንብ።

መጀመሪያ ዲስኬቷን ሐኪሙ ትቶት በሄደው ባዶ ዲስኬት ላይ ገለበጥን። ማተሚያ ስላልነበረን ከዚያ እሷ እያነበበች እኔ በትልቅ ደብተር ገለበጥኩ። አንድ ክፍል ግን እምቢ አለ። እዚያ ጋ ስንደርስ ሄዷ ትንኳኳለች እንጂ አታነብም፤ ዲስኬቷ በእርግጥም እዚያች ቦታ ላይ ተፍቃለች። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች አመለጡን። ሲስተር ዓይኗን ጨፍና ከራሷ አወጣች፤ «በከኒሳ ቀሴ ቀበሌ፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው አናጢ... ሰባተኛ ወሩ...» እያለች ግማሾቹን አስጻፈችኝ። ለቀሩት በየመንደሩ ሰው ላከች።

ሰኞ መኪናው ደብተሩን ይዞ ወጣ። መልእክት የላክንባቸው በሳምንቱ ውስጥ አብዛኞቹ መጡ። ሁለቱ አልመጡም፤ አንደኛውን በኋላ ቤቱ ድረስ ሄዳ አገኘችው፤ ሌላኛዋ ወዴት እንደሄደች እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሲስተር ስለሷ ሲነሳ መዝሙሯን ታቆም ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው ግን በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት የመጣውን ሰው ነው። ከነቀምት የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ የመጣ ረጅም ሽማግሌ፣ ጃንጥላውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆመ።

«ስምህ ጠፍቷል አሉኝ» አለ። «ላስገኘው መጣሁ።»

ሲስተር ሳቋን ለመያዝ አፏን በመዳፏ ሸፈነች፤ ከወንበሯ ተነሣችና እኔን አስቀመጠችኝ። «አንቺ ጻፊው» አለች። ፊደል በፊደል እየፈለግሁ፣ በአንድ ጣት፣ ስሙን ጻፍኩ። እሱ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ያያል። ጨርሼ ስነካው ማንበቢያው ቀይ መብራቱን አብርቶ፣ በሲሬዋ ቺንጋ እየዞረ፣ ስሙን በዲስኬቱ ላይ ማሳረፍ ጀመረ። ሰውየው ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ጎንበስ ብሎ አዳመጠና «ኤዬ፣ አዎ» አለ፤ ረክቶ።